አዲስ ግንባታና የጎርፍ ስጋት፦ ከግንባታ ፈቃድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም አጥቢያ በነበረው ሌሊት አብዛኛው የድሬዳዋ ነዋሪ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ። በአመዛኙ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው፣ ሰው በእግሩ የሚሻገርበትና ገበያ የሚውልበት የወንዙ መሄጃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቤት፣ ንብረትና ሰው ጠራርጎ ወሰደ። በአደጋው ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉት ከመኖሪያቸው መፈናቀላቸው ይታወሳል።

በተከታዩ የነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት የጣና ሐይቅና ገባር ወንዞቹ በመሙላታቸው በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች በርካታ አርሶ አደሮች ቤታቸውንና ሰብላቸውን አጥተዋል።

በእንዲህ ዓይነት ወቅት የመንግሥትም ሆነ የሕዝብ ትኩረት በነፍስ አድን ሥራና በዕርዳታ ላይ ማረፉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጎርፉ ባለፈ ቁጥር ተመልሶ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ቤቱ በዚያ ቦታ እንዲሠራ የተፈቀደው ወይም ሲሠራ በዝምታ የታለፈው እንዴት ነው? ጎርፍ በአንድ ሰፈር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚወሰነው ዝናቡ በሚዘንብበት ሌሊት አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ቦታው በፕላን ሲመደብ፣ ሲሸነሸንና የግንባታ ፈቃድ ሲፈረም ነው። ይህ ጽሑፍ በማዘጋጃ ቤት፣ በመሬት ልማት፣ በግንባታ ፈቃድና በውኃ ሥራዎች ዘርፍ ለተሰማሩ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የጎርፍ ስጋት ግምገማና አመራር መሠረታዊ ነጥቦችን ለማስጨበጥ የተዘጋጀ ነው።

የጎርፍ ስጋት ምንድን ነው?

ጎርፍና የጎርፍ ስጋት አንድ አይደሉም። ሰው በማይኖርበትና ንብረት በሌለበት ረግረግ ላይ የሚተኛ ውኃ የተፈጥሮ ክስተት እንጂ አደጋ አይባልም። ስጋት የሚባለው የሦስት ነገሮች ድምር ውጤት ነው። አንደኛው ጎርፉ የመከሰት ዕድሉና ኃይሉ ነው። ሁለተኛው በጎርፉ መንገድ ላይ የሚገኘው ሰውና ንብረት ብዛት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ሰውና ንብረት ጉዳትን የመቋቋም አቅሙ ነው።

የመጀመሪያውን ለመለወጥ የሰው ልጅ አቅም ውስን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በአመዛኙ በፕላንና በግንባታ ውሳኔዎች እጅ ናቸው። በወንዝ ዳር የጭቃ ቤት እንዲሠራ መፍቀድ ሁለቱንም በአንድ ፊርማ ከፍ ያደርጋል። ያንኑ ቦታ ለአትክልት፣ ለመናፈሻ ወይም ለስፖርት ሜዳ መመደብ ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል።

ልዩ ልዩ የጎርፍ ዓይነቶች

በአገራችን አዲስ ግንባታን የሚያሰጋው ጎርፍ በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ ነው። ከተራራማ አካባቢ የሚነሳ፣ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደርስ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ በመሆኑ ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። የድሬዳዋው አደጋ የዚህ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው የወንዝ ሙላት ነው። ይህ በዝግታ የሚጨምር ሆኖ ሰፊ ሜዳን ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚሸፍን ነው። በአዋሽ ተፋሰስ፣ በኦሞ ወንዝ የታችኛው ክፍልና በጣና ዙሪያ የሚታየው በአብዛኛው ይህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛው የከተማ ጎርፍ ነው። መነሻው ወንዝ ሳይሆን ዝናቡ ከጣሪያ፣ ከአስፋልትና ከንጣፍ ድንጋይ ላይ ተሰብስቦ ከማፋሰሻ ቱቦዎች አቅም በላይ መሆኑ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ በጣለው ከባድ ዝናብ ሳቢያ በተከሰተው ጎርፍ ሰባት ሰዎች መሞታቸው የሚታወስ ነው።

አራተኛው የሐይቅ መስፋፋትና የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ መጨመር ነው። በመተሐራ አቅራቢያ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በመድረስ የእርሻ መሬትን፣ አውራ ጎዳናንና የባቡር ሐዲድን ተጋፍቷል። ይህ ዓይነቱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት አይመጣም። "ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የሚለው ብሂል በትክክል የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

አንድ ቦታ ከአንዱ ዓይነት ጎርፍ ነፃ መሆኑ ከሌላው ነፃ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ከወንዝ የራቀ ኮረብታ ሥር ያለ ሰፈር በወንዝ ሙላት ባይጠቃም ከኮረብታው በሚወርድ ደራሽ ጎርፍ ሊጠቃ ይችላል። ስለዚህ ግምገማው አራቱንም በየተራ መመልከት ይኖርበታል።

ከደቻቱ የሚገኝ ትምህርት

ድሬዳዋ በ1890ዎቹ የባቡር ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው በኩል ጥንታዊው መጋላ ይገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የወንዙ ውኃ የሚሰበሰበው ግን ከደቡብ በኩል በምሥራቅ ሐረርጌ ከሚገኙትና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ተራሮች ነው።

ከዚህ አቀማመጥ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጎርፉን የሚያስነሳው ዝናብ በከተማዋ ላይ መዝነብ አያስፈልገውም። ከላይ ከዘነበ ይበቃል። በግንባታ ቦታው ላይ ያለውን የዝናብ መጠን ብቻ የሚመለከት ጥናት ዋናውን አደጋ ይስታል። ሁለተኛ፣ ደረቅ ወንዝ ወንዝ ነው። ለዓመታት ውኃ ያልታየበት አሸዋማ መሄጃ ባለቤት የሌለው ክፍት መሬት መስሎ ስለሚታይ ሰው ይሰፍርበታል። ወንዙ ግን ይዞታውን አልለቀቀም። ሦስተኛ፣ የላይኛው ተፋሰስ በኦሮሚያ ክልል፣ የታችኛው በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር በመሆኑ አንዱ አስተዳደር ብቻውን የሚሠራው ሥራ የተሟላ ውጤት አያመጣም። ከላይ ያለው ደን ሲመነጠርና አፈሩ ሲሸረሸር ደለሉ የሚሞላው ከታች ያለውን ድልድይ ነው።

ከአደጋው በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል፤ ቤታቸውን ላጡ ነዋሪዎችም በሌላ ቦታ መኖሪያ ተገንብቷል። ግንብ ግን ስጋትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም በከተማዋ በደረሰ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት መጥፋቱ ለዚህ አስረጂ ነው። እያንዳንዱ ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውኃ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጎርፍ ሲመጣ በግንቡ ተማምኖ ከኋላው የሰፈረው ሕዝብ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም የግንብ መኖር ከግንቡ ጀርባ አዲስ ግንባታ ለመፍቀድ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

"የመቶ ዓመት ጎርፍ" ሲባል ምን ማለት ነው?

በጥናት ሰነዶች ውስጥ በየ10፣ በየ25፣ በየ50 ወይም በየ100 ዓመቱ የሚከሰት ጎርፍ የሚሉ አገላለጾች ይገኛሉ። ይህ የጎርፉ መደጋገሚያ ዘመን ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ ለ99 ዓመታት አይመለስም ማለት አይደለም። በማንኛውም አንድ ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። በሁለት ተከታታይ ዓመታትም ሊደርስ ይችላል።

ስሌቱ ለውሳኔ ሰጪዎች ትርጉም የሚኖረው ከሕንፃው ዕድሜ ጋር ሲታይ ነው። የመቶ ዓመት ጎርፍ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ነው። በ50 ዓመት ውስጥ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። የ25 ዓመት ጎርፍ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ቤተሰብ የቤት ብድሩን ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ቤቱ በጎርፍ የመጠቃት ዕድሉ ካለመጠቃት ዕድሉ ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚህ በመነሳት ለመንገድ ዳር ቦይ የሚመረጠው የመደጋገሚያ ዘመን ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ሊመረጥ አይችልም። አገልግሎቱ በጎርፉ ዕለት ይበልጥ የሚፈለግ ተቋም ከፍ ላለ መመዘኛ ሊነደፍ ይገባዋል። በእንግሊዝ የፕላን አሠራር ለምሳሌ በዓመት ከመቶ አንድና ከዚያ በላይ በወንዝ ጎርፍ የመጠቃት ዕድል ያለው ቦታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ይመደባል። ከሺህ አንድ በታች ዕድል ያለው ደግሞ ዝቅተኛ ስጋት ያለበት ተብሎ ይለያል። ግንባታ በቅድሚያ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንዲመራ ይደረጋል፤ አማራጭ አለመኖሩ ሳይረጋገጥም ወደ ከፍተኛው አይኬድም።

የግምገማው ቅደም ተከተል

ግምገማው ከቢሮ ሥራ ይጀምራል። የቦታው የከፍታ ካርታ፣ የአየር ፎቶግራፍ ወይም የሳተላይት ምስል፣ የዝናብና የወንዝ ፍሰት መረጃ ይሰበሰባል። የዝናብ መረጃ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የወንዝ ፍሰት ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ካርታና የምስል መረጃ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይጠየቃል። በመንገዶች አስተዳደር የማፋሰሻ ንድፍ መመሪያ ውስጥ የሚገኙት የዝናብ ጥንካሬ ሠንጠረዦችም ለከተማ ግንባታ ጠቃሚ መነሻ ናቸው።

ቀጥሎ የመስክ ጉብኝት ይደረጋል። መረጃ በሌለባቸው ወንዞች ላይ ከሁሉ የሚልቀው ምስክር የአካባቢው ነዋሪ ነው። በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ውኃው የቱ ዛፍ ድረስ እንደደረሰ፣ የትኛውን ግድግዳ እንደነካ ያስታውሳሉ። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ በግድግዳ ላይ የቀረ የደለል መስመር፣ በመስክ ላይ የተበተነ ክብ ድንጋይ የቀድሞውን ጎርፍ ከፍታና ኃይል ይናገራሉ። ይህ ሁሉ በልኬት ተመዝግቦ ከስሌቱ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ደረጃ ስሌት ነው። የሚመጣው ውኃ መጠን፣ የሚደርስበት ከፍታና ፍጥነቱ ይሰላል። ጥልቀቱ ብቻ መታየት የለበትም። በፍጥነት የሚፈስ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው ጎልማሳ ሰውን ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አነስተኛ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል። ድልድዮችና ቱቦዎች በቆሻሻና በፕላስቲክ ሲደፈኑ የሚፈጠረው ሁኔታም በስሌቱ ሊካተት ይገባል። ንጹሕ ቱቦ የሚገኘው በወረቀት ላይ ብቻ ነውና።

በመጨረሻ ውጤቱ በካርታ ይቀመጣል። ካርታው ጎርፉ የሚሸፍነውን ስፋት፣ ጥልቀቱንና የማምለጫ መንገዶችን በግልጽ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ግንባታው ራሱ የሚፈጥረው ጎርፍ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግንባታው በጎረቤቱ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። ሣር የለበሰ መሬት ከዝናቡ አብዛኛውን ይመጣል። ያው መሬት በጣሪያና በኮንክሪት ሲሸፈን ግን አብዛኛው ዝናብ ወዲያው ወደታች ይፈሳል።

ለማሳያ ያህል 10 ሔክታር ስፋት ያለው አንድ የመኖሪያ መንደር እንውሰድ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በቦታው ላይ የሚወርደው ውኃ 3 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከግንባታው በፊት ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ይፈስ ነበር ብንል መጠኑ 900 ሜትር ኩብ ነው። ከግንባታው በኋላ 80 በመቶው ከፈሰሰ 2 ሺህ 400 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ልዩነቱ 1 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ነው። አልሚው ይህን ትርፍ ውኃ በራሱ ይዞታ ውስጥ የሚያቆይበት ገንዳ፣ የሚያሰርግበት ጉድጓድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ካላዘጋጀ ወጪውን የሚከፍለው ከሥሩ ያለው ሰፈር ይሆናል። አንድ መንደር ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ሊባል ይችላል። ይሁንና በአንድ ተፋሰስ ውስጥ አሥርና ሃያ መንደሮች እንዲሁ ሲፈቀዱ ለቀድሞው ፍሰት የተሠራው ድልድይ አቅም ያጣል።

የአመራሩ ቅደም ተከተል

ስጋቱ ከታወቀ በኋላ የሚወሰዱት እርምጃዎች ደረጃ አላቸው። በቅድሚያ መሸሽ ነው፤ አደገኛ በሆነው ቦታ ላይ አለመገንባት። መሸሽ ካልተቻለ አጠቃቀሙን መለወጥ ይከተላል፤ መኖሪያው ወደ ከፍታው፣ መናፈሻውና የመኪና ማቆሚያው ወደ ዝቅታው እንዲሆን ሸንሻኖውን ማስተካከል። ሦስተኛው ሕንፃውን መጠበቅ ነው። ይህም የመጀመሪያውን ወለል ከተሰላው የጎርፍ ከፍታ በላይ ማድረግን፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያና ጄኔሬተር በቤዝመንት ውስጥ አለማስቀመጥን፣ ጎርፉ በሚደርስበት ቦታ ከጭቃ ይልቅ ውኃ የሚቋቋም የግንባታ ቁሳቁስ መጠቀምን ያካትታል። በብዙ አገሮች በተሰላው ከፍታ ላይ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ መጨመር የተለመደ ነው።

በመጨረሻም የማስጠንቀቂያ ሥርዓትና የማምለጫ መንገድ ይመጣሉ። እነዚህ ለቀሪው ስጋት የሚውሉ እንጂ ከላይ ያሉትን የሚተኩ አይደሉም። በሌሊት የሚደርስ ደራሽ ጎርፍን በማስጠንቀቂያ ብቻ ማምለጥ እንደሚያዳግት ከድሬዳዋ በላይ ምስክር አያሻም።

የሕግ ማዕቀፍና የተቋማት ድርሻ

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሕጋዊ መሠረት ከተጣለ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው አካል የውኃ አካላትን ዳርቻ እንዲከልልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት እንዲገመገሙ መሠረት ጥሏል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የከተሞች ልማት በፕላን እንዲመራ ደንግጓል። በ2005 ዓ.ም የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጥ ዕርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል ማዞሩም ተጠቃሽ ነው።

በመሆኑም ዋናው ክፍተት የሚገኘው አዋጆቹ በጽሕፈት ቤቶች መካከል በሚገናኙበት ቦታ ነው። የውኃ ባለሙያው የሚያውቀው የጎርፍ መስመር በፕላን ባለሙያው ካርታ ላይ ካልሰፈረ፣ በፕላኑ ላይ የሰፈረው ደግሞ ቦታ የሚያስረክበው ሠራተኛ እጅ ካልደረሰ ሕጉ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የግንባታ ፈቃድ የሚመረምር ባለሙያ ወይም የሚያጸድቅ ኃላፊ ቢያንስ የሚከተሉት ጥያቄዎች በመዝገቡ ውስጥ መልስ ማግኘታቸውን ቢያረጋግጥ ጠቃሚ ይሆናል።

1. ውኃው ከየት ይመጣል? ተፋሰሱ ከክልሉ ወይም ከከተማው ወሰን ውጭ ያለውን ጨምሮ በካርታ ተመልክቷል?

2. ከዚህ ቀደም ውኃ የት ድረስ ደርሷል? ነዋሪዎች ተጠይቀዋል? ምልክቶቹ በልኬት ተመዝግበዋል?

3. የተመረጠው የመደጋገሚያ ዘመን ስንት ነው? ከሕንፃው አገልግሎትና ዕድሜ ጋር ይመጣጠናል?

4. ድልድዩ ወይም ቱቦው ቢደፈን ውኃው በየት በኩል ይሄዳል?

5. ከግንባታው በኋላ ከይዞታው የሚወጣው ውኃ ከቀድሞው አልበለጠም? ከበለጠ ትርፉ የት ይቆያል?

6. ጎርፉ በሌሊት ቢደርስ ነዋሪው በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ ይወጣል?

7. ማፋሰሻዎቹን ከክረምት በፊት የሚያጸዳው ማን ነው? በጀቱስ ከየት ነው?

ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ መዝገቡን ለማሟያ መመለስ አልሚውን ማጉላላት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ጥቂት ሳምንታት የሚፈጅ ጥናት የሚጠይቀው ወጪ አንድን ሰፈር እንደገና ከመገንባት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ቀደም ሲል በአደጋ ቀጠና ውስጥ የሰፈሩ ነዋሪዎች ጉዳይ በተለየ ጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል። አብዛኞቹ በወንዝ ዳር የሰፈሩት ሌላ አማራጭ በማጣታቸው ነው። ለሥራቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቅርብ የሆነ ምትክ ቦታ ሳይዘጋጅ ማንሳት ችግሩን ወደ ሌላ ወንዝ ዳር ማዛወር ይሆናል። የተለቀቀው ቦታም ወዲያው ለመናፈሻነት ወይም ለደን ልማት ካልዋለ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰው ይሰፍርበታል።

የአበው "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው ምክር ለእሳት የተነገረ ቢሆንም ለውኃም ይሠራል። በበጋ ወራት ደረቅ ሆኖ በሚታይ መሬት ላይ የሚሰጥ ፈቃድ በክረምት ሌሊት ይፈተናል። በዚያ ሌሊት የሚተኙት ደግሞ ፈቃዱን የሰጠውን ሰው የማያውቁ፣ ነገር ግን ውሳኔውን አምነው ቤት የሠሩ ቤተሰቦች ናቸው።